ገዢው ያልኖረበት የብረት ቤት

በቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ይህን ታሪክ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በመጋቢት ቀትር ኮርኒስ በሌለው ቤት ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። አሁን ጣሪያው ብቻ ሳይሆን ግድግዳውም ብረት የሆነ ቤት አስቡ። እንዲህ ያለ ቤት በሞዛምቢክ ዋና ከተማ በማፑቶ መሃል ዛሬም ቆሟል። "ካዛ ዴ ፌሮ" ይሉታል፤ የብረት ቤት ማለት ነው።

ማፑቶ የሄደ ሰው ለማግኘት አይቸገርም። ከቱንዱሩ የእጽዋት መናፈሻ አጠገብ፣ በሳሞራ ማሼል ስም በተሰየመው ጎዳና ላይ ነው። ከሩቅ ሲታይ ተራ ግራጫ ፎቅ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን ድንጋይም ጡብም የለበትም። ግድግዳው በመጭመቂያ ማሽን ቅርጽ የወጣለት የብረት ሰሌዳ ነው፤ አንዱ ሰሌዳ ከሌላው በብሎን ተያይዟል።

ማን ሠራው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ወዲያው ይመጣል፦ "ኤፌል!" የፓሪሱን ግንብ የሠራው ጉስታቭ ኤፌል። በጉብኝት መጻሕፍት ላይም እንዲሁ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ቤቱ የተሠራው ቤልጂየም ውስጥ፣ ጆሴፍ ዳንሊ የተባለ መሐንዲስ በፈለሰፈው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ቤት ፋብሪካ ውስጥ ተቆራርጦ ይመረታል፣ በመርከብ ይጫናል፣ በደረሰበት ይገጣጠማል። ተመሳሳይ ቤቶች ወደ ቤልጂየሙ ንጉሥ ኮንጎም ተልከዋል።

ለመሆኑ የፖርቱጋል ገዢ ቤት ከፋብሪካ የሚያዝዘው ለምን ነበር?

ዘመኑን እናስታውስ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከ1884 እስከ 1885 በርሊን ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት የአፍሪካን ጠረፍ "የኔ ነው" የሚል ሁሉ በተግባር መያዙን እንዲያሳይ ተስማምተው ነበር። ፖርቱጋል ለዘመናት በጠረፉ ላይ ምሽግና የንግድ ጣቢያ ነበራት እንጂ አብዛኛውን መሬት አላስተዳደረችውም። በጥር 1890 ደግሞ እንግሊዝ በማስጠንቀቂያ ከአንጎላ እስከ ሞዛምቢክ የመዘርጋት ሕልሟን አከሸፈችባት። በዚያው ጊዜ ከትራንስቫል ወርቅ የሚያገናኘው የባቡር መስመር ይሠራ ነበርና ሎሬንሶ ማርኬስ፣ የዛሬው ማፑቶ፣ ድንገት ውድ ወደብ ሆነች። እኔ እንደምረዳው የብረቱ ቤት የዚህ ጥድፊያ ልጅ ነው። "እዚህ አለን፣ አንነቃነቅም" ለማለት ከተቆራረጠ ብረት የተሻለ ፈጣን መንገድ አልነበረም። በ1892 ቤቱ ቆመ።

ገዢው ግን አልገባበትም። ምክንያቱ ሙቀት ነው።

እዚህ ላይ መሐንዲሱን ሞኝ አድርገን አንሳቅበት። ዳንሊ ስለ ሙቀት አስቦ ነበር። ግድግዳውን ድርብ አድርጎ በመሃሉ አየር እንዲመላለስ ክፍተት ትቷል። የኛ ሰው በቆርቆሮው ሥር አቡጀዲ ወጥሮ ኮርኒስ ሲያደርግ የሚያስበውን ነው ያሰበው። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ግን የማፑቶን ታኅሣሥና ጥር አልቻለውም። ጭቃና ሣር የቀኑን ሐሩር ቶሎ አያሳልፍም፤ ብረት ግን የተቀበለውን ወዲያው ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። የአካባቢው ሰው ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር ቤት ሲሠራ የኖረው በድህነት ብቻ አልነበረም። አየሩን ያውቀው ነበር። የጠየቀው ግን አልነበረም።

መሬቱም እንደ አየሩ ዝም ብሎ አልተገዛም። ቤቱ በቆመ በሁለት ዓመቱ፣ በ1894፣ የሮንጋ ተዋጊዎች ከተማዋን ራሷን አጠቁ። ፖርቱጋሎች ጦር አምጥተው በታኅሣሥ 1895 መጨረሻ የጋዛን ንጉሥ ንጉንጉንያኔን ቻይሚቴ ላይ ማረኩት። ወደ ሊዝበን፣ ከዚያም ወደ አዞረስ ደሴቶች አጋዙት፤ በ1906 በዚያው ሞተ። ይህ በኛ አቆጣጠር 1888 ዓ.ም. መሆኑን ልብ በሉ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በየካቲት 23 ዐድዋ ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ አፍሪካዊ ንጉሥ ተማርኮ መርከብ ላይ ሲጫን፣ ሌላው የአውሮፓን ጦር ድል ነሣ። እኛ ዐድዋን ስንዘክር ንጉንጉንያኔን አናስበውም። ብናስበው የዐድዋ ዋጋ ይበልጥ ይገባን ነበር።

ስለዚህ የብረቱን ቤት ያየ ሰው በእግሩ ወደ ታች ወርዶ አሮጌውን ምሽግም ይጎብኝ። በ1985፣ ነጻነት በተገኘ በ10 ዓመቱ፣ የንጉንጉንያኔ አጽም ተብሎ የመጣው የተቀመጠበት የተቀረጸ የእንጨት ሣጥን እዚያ ነው። በአደባባይ ቆሞ የነበረው የማራኪው የሙዚንሆ ዴ አልቡከርክ ሐውልትም ከነፈረሱ ወርዶ እዚያው ግቢ ገብቷል። ማራኪና ተማራኪ በአንድ አጥር ውስጥ! ሞዛምቢካውያን የብረቱንም ቤት አላፈረሱትም፤ ለባህል ቅርስ ሥራ አዋሉት። ይህን አደንቃለሁ። የቅኝ ገዢን ቤት ማቆየት ቅኝ ግዛትን ማወደስ አይደለም። ምስክር ማቆየት ነው።

ምስክር ግን እውነቱን ሲናገር ነው ምስክር የሚሆነው። "ኤፌል ሠራው" ስንል ቤቱ የታላቅ ሰው ስጦታ ይመስላል፤ ጎብኚውም ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። "አገሩን ሳይጠይቁ ከሩቅ ያዘዙት፣ ያዘዘውም ያልኖረበት ቤት" ስንል ግን ቤቱ ስለ አንድ ሥርዓት መናገር ይጀምራል። የማፑቶን ውብ የባቡር ጣቢያም የፖርቱጋል አርክቴክቶች ሠርተውት ሳለ ብዙዎች ለኤፌል ይሰጡታል። የሉዋንዳው የብረት ቤተ መንግሥትም በሱ ስም ይወራለታል። የፈረንጅ ታዋቂ ስም ካልተለጠፈበት ቅርሳችን ቅርስ አይመስለንም ማለት ነው?

ይህን ስል የራሳችንንም ከተማ እያሰብኩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፊታቸውን በሙሉ በመስታወት ያለበሱ ፎቆች እያየን ነው። ከሰዓት በኋላ ገብታችሁ እዩ፤ መጋረጃው ተዘግቶ፣ በቀትር መብራት በርቶ፣ ቬንትሌተር ይሽከረከራል። እነዚህን ያዘዘልን የፖርቱጋል ገዢ የለም። ያዘዝነው እኛው ነን፤ ያውም ብርዱንም ፀሐዩንም እያወቅነው።

የማፑቶው ገዢ ቢያንስ እንግዳ ነበር።