ማር፣ ስኳርና ለስላሳ በሐሙሲት መንገድ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደራ ወረዳ ውስጥ ያለችው ሐሙሲት በሐሙስ ገበያዋ ትታወቃለች። በዚህ አገር ጣፋጭ ሲባል ለብዙ ዘመን ማር ነበር። ማሩም ለሁሉም እኩል አልደረሰም። ባላገር ከቀፎው የቆረጠውን ከፊሉን ለግብር ያስረክባል፤ ጠጁ የሚቀዳው በመኳንንት አዳራሽ ነው። ራስ ጉግሳ በቆረቆሯት፣ በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸው ባደረጓት በደብረ ታቦር፣ ግብር ሲበላ ጠጁ በማዕረግ ይታደል ነበር። ለአራሹ የቀረው መረር የሚለው የጌሾ ጠላ ነው። ብርዝ ከተገኘ ለበዓል ወይም ለክቡር እንግዳ ነው።

ስኳር በብዛት የመጣው ከወንጂ ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ዳር የተከለው ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም ማምረት ጀመረ። ኮካ ኮላም በ1959 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ መመረት ያዘ። በኋላም ለኮካ በባሕር ዳር፣ ለፔፕሲ በጎንደር ፋብሪካ ስለተተከለ ሐሙሲት በሁለቱ ፋብሪካዎች መካከል ትገኛለች።

የማሩ ክብር ወደ ጠርሙሱ ተሻገረ። እንግዳ ሲመጣ ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል፤ ታማሚ ሲጠየቅም ለስላሳ ይያዛል። ብርቅነቱ ግን አብሮ አልተሻገረም። በዓመት ጥቂት ቀን ይቀመስ የነበረው ጣፋጭ የየዕለት ነገር ሆነ። የስኳር ታማሚው ጭንቀት ከዚህ ይጀምራል። «ስኳር አለብኝ» ሲል «አንድ ቀን ምን ያደርጋል? በሞቴ!» ይሉታል። እምቢ ማለት የቤቱን ክብር እንደ መግፋት ይቆጠርበታል። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ኮካ ግን ወደ 32 ግራም ስኳር አለው፤ ስምንት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳ በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ለስላሳን ፈጽሞ ሊጠላው አይችልም። ስኳሩ ድንገት ሲወርድ፣ ላብ ሲያጠምቀውና እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ያው ጠርሙስ ፈጥኖ ይደርስለታል።

በዚህ ላይ የጎንደር ገጠር የስኳር በሽታ ከጠርሙስ ብቻ የመጣ አይደለም። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 እ.ኤ.አ. ዲያቤቶሎጂያ በተሰኘው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ታማሚዎች መካከል ድሃና ቀጫጫ ገበሬዎች በርክተው ተገኝተዋል። ምግብ አጥቶ ማደግ ስኳር ያመጣ ይሆን የሚለው የተዘጋ ጥያቄ እንደገና እንዲከፈትም ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ይህን ዓይነቱን በሽታ «ዓይነት አምስት» ብሎ የተቀበለው በ2017 ዓ.ም ነው። ለደጋው ድሃ ይህ እውቅና እጅግ የዘገየ ነው።

በለስላሳ ላይ የሚጣለው ግብርም የራሱ ታሪክ አለው። በ1995 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 በለስላሳ መጠጥ ላይ 40 በመቶ ጣለ፤ በመግቢያውም ጤናን የሚጎዱ ዕቃዎችን ፍጆታ መቀነስን ከዓላማዎቹ ቆጥሮ ነበር። በ2012 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ምጣኔውን ወደ 25 በመቶ አወረደው። ይሁንና ቀድሞ ግብሩ የሚሰላው በማምረቻ ወጪ ላይ ሲሆን አዲሱ አዋጅ ወደ ፋብሪካ መሸጫ ዋጋ ስላዛወረው፣ የምጣኔውን መውረድ ብቻ አይቶ ግብሩ ቀለለ ማለት ስሕተት ነው። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው፤ የሚመዘነው ዋጋው እንጂ ስኳሩ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. ከ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ4 ግራም በላይ ላለው ስኳር በየግራሙ ማስከፈል ስትጀምር፣ አምራቾች መጠጡን ራሱን ወደ ማቅለል ዞሩ። በእኛ አገር መንግሥት ለስላሳውን እየቀረጠ፣ በሸማቾች ማኅበራት በኩል ደግሞ ስኳርን በተወሰነ ዋጋ ሲያከፋፍል ኖሯል።

ግብሩ መኖሩ ተገቢ ነው፤ ሜክሲኮ በ2014 እ.ኤ.አ. በሊትር አንድ ፔሶ ስትጥል የለስላሳ ግዢ ቀንሷል። ግን ስኳር ያለበት የደራ ገበሬ የጠርሙሱ ዋጋ ሲጨምር ብቻ ምን ያገኛል? ከጠርሙሱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ከፊሉ ለኢንሱሊን፣ ለመርፌና ለስኳር መለኪያ ተለይቶ እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ያለዚያ ለመድኃኒቱ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ድረስ መሄዱ አይቀርም፤ የመኪናውም ወጪ ከእርሱው ኪስ ነው።