ከምላስ በፊት ዋጋ የፈረደበት ወይን

በ1855 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ፓሪስ ላይ ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። የቦርዶ ንግድ ምክር ቤት የአካባቢውን ምርጥ ወይን ጠጆች በደረጃ ከፍሎ ማቅረብ ስለፈለገ ሥራውን ለወይን ደላሎች ሰጠ። ደላሎቹ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ዝርዝሩን አስረከቡ። ለዚህ ብለው ቀማሽ አልሰበሰቡም። የትኛው እርሻ ወይኑን ለዓመታት በስንት ሲሸጥ እንደኖረ ያውቁ ነበርና ውድ የሚሸጠውን ከላይ፣ ረከስ ያለውን ከታች ጻፉ። ዝርዝሩ ዛሬም ይሠራል፤ ከተሻሻለባቸው ጥቂት ጊዜያት ትልቁ በ1973 ሙቶን ሮትሺልድ የተባለው እርሻ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ደረጃ ያደገበት ነው።

ደላሎቹን መውቀስ ይከብዳል። የብዙ ዓመት ዋጋ የብዙ ገዢ ምላስ ያተመው ማኅተም ነው። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ደረጃው ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፣ ከፍ ያለው ዋጋ ደግሞ ተመልሶ ለደረጃው ምስክር ይሆናል። በዚህ አዙሪት ውስጥ ርካሽ ወይን ሳይቀመስ ተፈረደበት።

አዙሪቱን የሰበረው ሰው ፓሪስ ውስጥ ወይን ይሸጥ የነበረው እንግሊዛዊ ስቲቨን ስፐሪየር ነው። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዘጠኝ ስመ ጥር ፈረንሳውያን ቀማሾችን ሰብስቦ የካሊፎርኒያና የፈረንሳይ ወይኖችን ማንነታቸውን ሳይነግር አቀረበላቸው። ነጥቡ ከ20 ነበር። አንዱ ዳኛ የካሊፎርኒያውን የናፓ ሸለቆ ነጭ ወይን ቀምሶ ወደ ፈረንሳይ መመለሱን በደስታ ተናገረ። ሌላው አንዱን ብርጭቆ አሽትቶ መዓዛ የለውም፣ ያለጥርጥር የካሊፎርኒያ ነው አለ፤ የያዘው ግን ከፈረንሳዩ ቡርጎኝ ውድ ወይኖች አንዱ የሆነውን ባታር ሞንራሼ ነበር። ሲደመር ከነጮቹ ሻቶ ሞንቴሌና፣ ከቀዮቹ ስታግስ ሊፕ አንደኛ ወጡ፤ ሁለቱም የካሊፎርኒያ ናቸው። ሙቶን ሮትሺልድ ከቀዮቹ ሁለተኛ ሆነ። ከዳኞቹ አንዷ ኦዴት ካን የነጥብ ወረቀቴ ይመለስልኝ ብላ ጠየቀች። እነዚህ ሰዎች ሙያቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ነበሩ። የጠርሙሱ ወረቀት ሲሸፈን ግን ከወይኑ በፊት የሚደርሰው ዝና ቀረ።

በ2007 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1 ዶላር ከ99 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው የቻርልስ ሾው ነጭ ወይን፣ ሻርዶኔ፣ በግዛቱ የወይን ውድድር ከግዛቱ ሻርዶኔዎች ሁሉ ምርጥ ተባለ። ለርካሽ ወይን ወዳጅ ትልቅ ደስታ ነው፤ ሜዳሊያን ግን ብዙ ማመን አይገባም። በዚያው ውድድር ሮበርት ሆጅሰን የተባለ ተመራማሪ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ወይን ከሌሎች ወይኖች መሃል ለዳኞች ሦስት ጊዜ ሲያቀርብ፣ ፍርዳቸውን ሳያዛንፉ የደገሙት ከአሥሩ አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ።

ስለ ዋጋ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ በ2008 የታተመው የካሊፎርኒያ ጥናት ነው። ለቀማሾች አንድ ወይን ሁለት ጊዜ ቀረበ፤ አንዴ 10 ዶላር፣ አንዴ 90 ዶላር ተብሎ። ባለ 90ውን አብልጠው ወደዱት። አንጎላቸው በምርመራ መሣሪያ ሲታይ ደስታን የሚመዘግበው ክፍል በእርግጥ ይበልጥ ነቅቶ ተገኘ። ስለዚህ ቀማሹ አልዋሸም፤ ዋጋው ጣዕሙን ራሱን ለወጠበት። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ከ6,000 በላይ ዋጋቸው ሳይነገር የተደረጉ ቅምሻዎችን አመሳክሮ፣ ሥልጠና የሌለው ጠጪ ውዱን እንደማያስበልጥ፣ እንዲያውም በጥቂቱ ወደ ርካሹ እንደሚያዘነብል አሳየ።

እኛም አገር ምርጫው ሰፍቷል። ከቆዩት ከጉደርና ከአክሱሚት ጎን የዝዋዩ ሪፍት ቫሊና አካሺያ በ2014 ገበያ ገብተዋል፤ ከውጭ የሚገባውም አለ። እንግዳ ሲመጣ ብዙዎቻችን የውጭውን የምናስቀድመው ቀምሰን አይመስለኝም። ሦስት አራት ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ቁጥር መስጠት ቀላል ነው። የሚቀዳው ሰው ከቀማሾቹ አይሁን፤ ብርጭቆው ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ቅዝቃዜውም እኩል ይሁን። ሆምጣጤ ሆምጣጤ ወይም የረጠበ ካርቶን የሚሸት ካለ ተበላሽቷልና ይውጣ። የቀረውን ጣፋጩ ከጎምዛዛው ጋር ተስማምቷል ወይ፣ አፍ የሚይዘው ምሬቱ ቶሎ ይለቃል ወይ፣ ከዋጡት በኋላ ጣዕሙ ይቆያል ወይ ብሎ መመርመር ነው። እያንዳንዱ ነጥቡን ለብቻው ይጻፍ፤ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ሌላውን ይጎትታልና። ጋዜጣው የሚገለጠው፣ ዋጋውም የሚነገረው ነጥቡ ተደምሮ ሲያበቃ ነው።