የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ

በበጎ አድራጎት ድርጅት ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ ሰዎችን የሚመለምል፣ የሚያሠለጥን፣ የሚያሰማራና የሚከታተል ባለሙያ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሸክሙን በአብዛኛው የጣለው በበጎ ፈቃደኞች ላይ ነው፤ በጎ ፈቃደኝነት ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ንቅናቄ 7 መሠረታዊ መርሆዎች አንዱ ነውና። ደመወዝ የማያስረው ሰው በትእዛዝ አይያዝም። ስለዚህ አስተባባሪው የእያንዳንዱን በጎ ፈቃደኛ ዝንባሌና ትርፍ ጊዜ ማወቅ፣ የትራንስፖርቱን ወጪ በወቅቱ መሸፈን፣ ከአስቸጋሪ ስምሪት ሲመለስም ቁጭ ብሎ ማነጋገር አለበት። ቅዳሜ ጠዋት በሰዓቱ የተገኘን ወጣት ሥራ ሳይሰጡት ማዋል ከጥፋቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ሁለተኛ አይመጣም። የሥራው ትልቁ ክፍያ የሰው ማደግ ነው፦ ፋሻ ማሰር ሲማር እጁ ይንቀጠቀጥ የነበረ ተማሪ ውሎ አድሮ ለአዲስ ገቢዎች የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ያስተምራል።