የሚመለሰው ተማሪ፤ የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት በሄግ፣ በሮተርዳምና በአምስተርዳም

ለያዝነው ጉዳይ መነሻ የሚሆነው ዓመት 1952 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት በሄግ ከተማ የማኅበራዊ ጥናቶች ተቋም ተመሠረተ። ንግሥት ዩሊያና የኖርድአይንደን ቤተ መንግሥት አንድ ክንፍ ስለ ለቀቁለት፣ ከእስያና ከአፍሪካ የሚመጡ የመንግሥት ሠራተኞች እስከ 1976 ድረስ የተማሩት በነገሥታት አዳራሽ ውስጥ ነበር። በዚያው በ1952 በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የቴክኒክ እርዳታ የሕዝብ አስተዳደር ተቋም ተቋቋመ። እንደገና በዚያው ዓመት በሮተርዳም የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩት ያን ቲንበርኸን ስለ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ንድፈ ሐሳብ የጻፉትን መጽሐፍ አሳተሙ። መንግሥት ሊደርስባቸው የሚሻቸው ግቦች በቁጥር የቱንም ያህል ቢሆኑ፣ ቢያንስ ያንኑ ያህል ራሳቸውን የቻሉ መሣሪያዎች በእጁ ሊኖሩት ይገባል የሚለው የታወቀ ትምህርታቸው የሚገኘው በዚህ መጽሐፍ ነው።

እነዚህን ክንውኖች የሚያገናኛቸው በዘመኑ የሰፈነ ድርብ እምነት ነው። አንደኛው፣ አስተዳደር እንደ ሕክምና ወይም እንደ ምሕንድስና ተምረው የሚይዙት ሙያ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ብዙም ሲነገር አይሰማም፤ ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ወንበሩ ይመለሳል፣ ወንበሩም ይጠብቀዋል የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው።

ሆላንዶች ስለ ሌላው ዓለም አስተዳደር ለማስተማር የተነሡት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1949 የኢንዶኔዥያን ነጻነት ሲያውቁ፣ ግዛቱ ከእጃቸው ቢወጣም ዕውቀቱና ባለሙያው ከነሱ ጋር ቀርቶ ነበር። በአምስተርዳም የቅኝ ግዛት ተቋም ይባል የነበረው ታላቅ ሕንጻ በ1950 የሐሩር አገሮች ተቋም የሚል ስም ተሰጠው። መቀመጫው በዚያችው በአምስተርዳም የነበረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው ኩባንያም በኢንዶኔዥያ የያዘውን የሸንኮራ አገዳ ሙያ ይዞ በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ የወንጂ ፋብሪካ በ1954 ስኳር ማምረት ጀመረ፤ በኋላም ወደ መተሐራ ተስፋፋ። በ1956 የሄጉን ተቋም በሬክተርነት የተረከቡት ኤግበርት ደ ቭሪስም ቀደም ሲል በዚያው በኢንዶኔዥያ ያገለገሉ የግብርና ባለሙያ ነበሩ። እንግዲህ ሻዩን በወንጂ ስኳር እየጠጣ ያደገው ኢትዮጵያዊ ሄግ ሲደርስ ከሆላንድ አስተዳደር ጋር የተዋወቀው ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም ማለት ነው። የግጦሽ መሬታቸው ወደ አገዳ እርሻ የተለወጠባቸው የከረዩ አርብቶ አደሮች ግን ትውውቁን በሌላ ስም ሊጠሩት ይችላሉ።

ትምህርቱ የተዋቀረው ለሚመለስ ሰው ነበር። በኔዘርላንድስ ፌሎሺፕ ፕሮግራም ለመማር የሚያመለክት ሰው የአሠሪው መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገው ነበር፤ ደብዳቤው ሠራተኛው ከትምህርቱ በኋላ ወደ ሥራው እንደሚመለስ የሚያረጋግጥ ነበር። በአገር ቤትም በኩል ተማሪው ውል ፈርሞ፣ ዋስ ጠርቶ ይወጣ ነበር። በ1990ዎቹ በሄግ ይሰጥ የነበረው የሕዝብ ፖሊሲና አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ከአንድ ዓመት ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ምሳሌዎቹ ከጋና፣ ከፊሊፒንስ፣ ከባንግላዴሽ ይመጣሉ። ስለ ሆላንድ የራሷ አስተዳደር የሚነገረው ጥቂት ነበር።

አሁን ወደ ወንበሩ እንምጣ። ዐፄ ምኒልክ በ1907 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። በ1943 የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 1 የሚኒስትሮችን ሥልጣን ወሰነ። ይሁን እንጂ ሹመቱም ሽረቱም ከአንድ ሰው ፈቃድ የሚመነጭ ስለ ነበር፣ ሠራተኛው የመንግሥት ሳይሆን የንጉሠ ነገሥቱ አሽከር ሆኖ ቆየ። በአሜሪካ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርታቸውን የጨረሱት አቶ ገርማሜ ንዋይ በወላይታ አገረ ገዥ ሳሉ መሬት ለሌላቸው መሬት ለመስጠት ሞከሩ፤ ከዚያም ወደ ጅጅጋ ተዛወሩ፤ በታኅሣሥ 1960 መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሕይወታቸውን አጡ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከዚህ የቀጠለው ነው። ግርግሩ ጋብ ባለ በዓመቱ፣ በ1961፣ ትእዛዝ ቁጥር 23 ወጥቶ የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥር፣ ደረጃና ዕድገት በአንድ ማዕከል የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የጡረታ ሕግም ታወጀ። ያ ትእዛዝ በጸሐፊው አስተያየት ከብዙ ዘውዳዊ ንግግሮች ይልቅ ክብደት ያለው ሰነድ ነው፤ ሚኒስትሩ ሲሻር የማይሻር ሠራተኛ ይኖራል የሚለውን ሐሳብ በወረቀት ላይ አስፍሯልና።

ሐሳቡ ግን ከወረቀት ወደ ልማድ ለመሻገር ጊዜ አላገኘም። በኅዳር 1974 ደርግ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኰንንን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ከዚያ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ከኃላፊው ጎን ካድሬ ተቀመጠ። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ካድሬው ተለወጠ እንጂ ወንበሩ አልተነሣም፤ በ1993 ከ40 የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናበቱ። በ1995 የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ቆይቶም ቢ.ፒ.አር. የተባለው የሥራ ሂደት ለውጥ በየቢሮው ታወጀ። በሄግ ክፍሎች ውስጥ ለክርክር ይቀርቡ የነበሩ ንድፈ ሐሳቦች በአገር ቤት ለክርክር የማይቀርቡ መመሪያዎች ሆነው ደረሱ።

ሥርዐት በተለወጠ ቁጥር በሄግ ያለው ተማሪ የሚመለስበት ወንበር ይጠፋበታል። ያን ጊዜ ከፊቱ የሚቆመው ሌላ በር ነው። የሆላንዶች የራሳቸው የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ከሄግ በባቡር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ በምትገኘው በሮተርዳም ነበር፤ የኤራስመስ ዩኒቨርሲቲ ከላይደን ጋር በመሆን በ1984 የጀመረው ትምህርት የሚሰጠው በሆላንድኛ፣ የሚመለከተውም የሆላንድን ማዘጋጃ ቤቶች፣ የሆላንድን በጀት ነበር። ሙያው አንድ ሆኖ ሳለ በሮቹ ሁለት ነበሩ፤ የሄጉ ለሚመለስ እንግዳ፣ የሮተርዳሙ ለሚኖር ዜጋ። በሁለቱ መካከል የቀረው ስደተኛ እንደ ገና ከፊደል ይጀምራል። በ1948 ለቼኮስሎቫኪያ ተማሪዎች ተብሎ የተመሠረተው፣ ዩ.ኤ.ኤፍ. በመባል የሚታወቀው የስደተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ድርጅት ለብዙዎቻችን ወገኖች መሻገሪያ ድልድይ ሆኗል። ይህ ጸሐፊም በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ዲግሪውን ዘርግቶ ሥራ ሲጠይቅ፣ ወጣቱ ሠራተኛ ወረቀቱን በጥሞና አንብቦ «ይህ እኮ ለአገርህ እንጂ ለእኛ አገር የተሰጠ ትምህርት አይደለም» አለው። ቃሉ ለብዙ ጊዜ አስቆጣኝ። ሰውየው ግን አልተሳሳተም ነበር።

ከዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ የማይወደድ ነገር መናገር ይገባል። በስደት ስንሰባሰብ አገር ምሁሯን አጣች ማለት ይቀናናል። ተመልሰው የሠሩትን ግን እምብዛም አናነሣም። ዶክተር ካሣሁን ብርሃኑ በ2000 በአምስተርዳም ፍሬይ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ከሱዳን ተመልሰው በሁመራ ስለ ሰፈሩ ስደተኞች ነው። መሬት ማደልና ሰው ማስፈር የእርዳታ ሥራ ብቻ ሳይሆን ገዥው ኃይል የፖለቲካ ደጋፊ የሚያፈራበት መንገድ እንደ ነበር ያሳያል። ጥናቱ ስለ ተመላሾች ነው፤ ጸሐፊውም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው አስተምረዋል። ዶክተር መረራ ጉዲና ስለ ተፎካካሪ ብሔረተኝነቶችና ስለ ዴሞክራሲ ፍለጋ የጻፉትን የዶክትሬት ጥናት በ2002 በሄጉ ተቋም አቀረቡ። የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ውሳኔውን በዚያችው ከተማ የሰጠው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ነበር፤ ሁለት ሰነዶች፣ አንዱ በካርታ ሌላው በሐሳብ፣ ስለ አንዲት አገር በአንድ ከተማ ተጻፉ። መረራ ተመልሰው አስተማሩ፣ በ2005 የፓርላማ አባል ሆኑ፣ በ2016 መጨረሻ ከብራስልስ ሲመለሱ ታሠሩ፣ በጥር 2018 ተፈቱ። በሄግ ኢኮኖሚክስ የተማሩት ዓለማየሁ ገዳ፣ በ2009 በላይደን ስለ ፌዴራሊዝምና ስለ ብሔረሰብ ግጭት የጻፉት አስናቀ ከፋለም ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመልሰዋል። ከእነዚህ ሌላ ከቶ ያልወጡ አሉ፤ ንጉሥ ሲወርድ፣ ደርግ ሲሸሽ፣ በማግሥቱ ቢሮ ገብተው ፋይሉን ከመደርደሪያ ያወረዱ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች። በትእዛዝ ቁጥር 23 የታሰበውን ቋሚ አገልግሎት በተግባር ያቆዩት፣ ቆየ ከተባለ፣ እነሱ ናቸው።

በሄግ ያልተማርነውን የሆላንድ ትምህርት ዘግይተን በኑሮ አየነው። በላይደን አካባቢ ያለው የራይንላንድ የውኃ ቦርድ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ የእስፓኝ ንጉሥ፣ ሪፐብሊክ፣ ናፖሌዎን፣ ዘውድ ተፈራርቀውበት ግድቡን መጠበቁንና ግብሩን መሰብሰቡን አላቋረጠም። ይህን ስንል ሆላንድን ለማሞገስ አይደለም። የሕፃናት መዋያ ድጎማ የተቀበሉ በሺህ የሚቆጠሩ ወላጆች፣ ብዙዎቹ የውጭ አገር ትውልድ ያላቸው፣ በግብር መሥሪያ ቤቱ አለአግባብ እንደ አጭበርባሪ ተቆጥረው በዕዳ ተደቁሰዋል፤ በዚሁ ምክንያት በጥር 2021 መንግሥቱ ሥልጣኑን ለቀቀ። የማይቋረጥ መዝገብ በደልንም ሳያቋርጥ ሊመዘግብ ይችላል።

የሄጉ ተቋም በ2009 የኤራስመስ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ ሁለቱ በሮች በአንድ ጣራ ሥር ገቡ ማለት ነው። ስለ ኢትዮጵያ ወረዳዎች፣ ስለ ውኃና ስለ መሬት በዚያ የተጻፉ የማስተርስ ጽሑፎች በዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሮኒክ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ፤ የተጻፉትም በእንግሊዝኛ ነው። በበርሊን የተማሩት፣ የድሬዳዋ ነጋድራስ የነበሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1919 ሲያርፉ የተዉት፣ በ1924 የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ግን በአማርኛ ነው።

ይህ ጸሐፊ የራሱን የመመረቂያ ጽሑፍ ወደ አማርኛ መመለስ ጀምሮ ነበር። ለሌላው ቃል ሁሉ አቻ ሲያገኝ «ዲስክሬሽን» ላይ ቆመ፤ የበታች ሠራተኛ ደንቡ ዝም ባለበት ቦታ በራሱ ሚዛን የሚወስንበት ሥልጣን ማለት ነው። በአዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ያገለገሉ አንድ አዛውንት ወዳጁን በስልክ ጠየቀ። እሳቸውም እየሳቁ «አለቃው በደብዳቤው ጥግ ላይ ‹አስፈላጊው ይፈጸም› ብሎ ይመራልናል፤ አስፈላጊው ምን እንደ ሆነ የምናውቀው እኛ ነበርን» አሉት።