ከተለየ መደብ ወደ ተመቻቸ የሥራ ቦታ፦ የአካል ጉዳተኛ ሠራተኞች መብት ከማንኪራ ሲታይ

በኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች የሥራ መብት በሕግ የተያዘበት ታሪክ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ብዙም የማይርቅ ሲሆን፣ የተሠራውም በአብዛኛው በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶችና በነጋሪት ጋዜጣ ገጾች ላይ ነው፤ ስለዚህ ኑሮዋ በደን ቡና ላይ የተመሠረተውና በካፋ ዞን ዴቻ ወረዳ የምትገኘው ማንኪራ ከዚህ ታሪክ ምን እንደደረሳት መጠየቅ የሕጉን ብርታትና ጉድለት አንድ ላይ ለማየት ያስችላል።

በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን የወጣው ትዕዛዝ ቁጥር 70/1963 ለአካል ጉዳተኞች የማቋቋሚያ ድርጅት ሲያቆም፣ ጉዳቱን የሚያየው እንደ ተረጂነት ነበር፤ በደርግ ዘመንም ለጦር ጉዳተኞች የተቋቋመው የጀግኖች አምባ ከዚሁ አስተሳሰብ ብዙም አልራቀም። ሰውየው ሠልጥኖ በተለየ ስፍራ ይሠራል ወይም ይጦራል እንጂ፣ ሌሎች የሚሠሩበት ቢሮ ወይም ፋብሪካ ለእርሱ ሲል አንድ ነገር ይለውጣል የሚል ሐሳብ በሕጉ ውስጥ አልነበረም።

አዋጅ ቁጥር 101/1986 አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዶ ለአካል ጉዳተኞች የተለዩ የሥራ መደቦች እንዲያዙ ደነገገ። ሐሳቡ ቅን ቢሆንም ያስከተለው ነገር ከባድ ነበር፤ ምክንያቱም መደብ ለይቶ መያዝ፣ አካል ጉዳተኛው ከሌሎች ጋር በችሎታው ተወዳድሮ ማሸነፍ አይችልም የሚል ግምት በቀጣሪውም በሠራተኛውም አእምሮ ውስጥ ያሰርጻል። ይህን ትችት ያቀረቡት ምሁራን ብቻ አይደሉም፤ የቀደመውን ሕግ የተካው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ራሱ በመግቢያው ላይ ነቀፌታውን በግልጽ አስፍሮታል፤ አንድ ሕግ ከእርሱ በፊት የነበረውን ሕግ በዚህ ዓይነት ቀጥተኛነት መውቀሱም የሚከበር ድፍረት ነው።

አዲሱ አዋጅ አካል ጉዳተኝነትን የተረጎመው በሰውየው አካል ላይ ባለው ጉዳት ብቻ ሳይሆን፣ ጉዳቱ ከማኅበራዊ፣ ከኢኮኖሚያዊና ከባህላዊ መድልዎ ጋር ተያይዞ የሥራ ዕድሉን በማጥበቡ ነው። ከዚህ ትርጉም ተመጣጣኝ ማመቻቸት የሚባለው ግዴታ ይመነጫል፤ ይኸውም ቀጣሪው የሥራ መሣሪያውን፣ የሥራ ሰዓቱን፣ የሥራውን መስፈርትና አካባቢውን ለሠራተኛው እንዲስማማ አድርጎ ማስተካከል፣ ካስፈለገም ረዳት መመደብ አለበት ማለት ነው። ግዴታው ወሰን የለሽ አይደለም፤ ማስተካከያው ከድርጅቱ ስፋት፣ ከወጪውና ከሠራተኞቹ ብዛት አንጻር ሲታይ ከአቅም በላይ የሚሆን ከሆነ ቀጣሪው ይህንኑ መከራከሪያ ማቅረብ ይችላል። በሌላ በኩል አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል ሠራተኛ ክስ ሲያቀርብ የማስረዳት ሸክሙ ከእርሱ ላይ እንዲነሣ መደረጉ፣ በወረቀት ላይ ካሉት ድንጋጌዎች ሁሉ ምናልባት ትልቁ ነው፤ ቀጣሪው የልቡን በማይናገርበት ሁኔታ አድልዎን ማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ ነውና። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ስታጸድቅ ይኸው ግዴታ ዓለም አቀፍ መሠረት አገኘ።

የመሣሪያው ታሪክ ግን ከሕጉ ጋር እኩል አልተራመደም። ለዓይነ ስውር የቢሮ ሠራተኛ ብሬል፣ ቀጥሎም ካሴት የረጅም ጊዜ መሣሪያዎች የነበሩ ሲሆን፣ በኮምፒውተር ላይ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብ የስክሪን አንባቢ ፕሮግራም ሲመጣ በአማርኛ ፊት ልዩ እንቅፋት ተደቀነ። የግዕዝ ፊደላት ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር፤ ከዚያ በፊት፣ በብዙ መሥሪያ ቤትም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ የአማርኛ ደብዳቤ ይጻፍ የነበረው በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነው። ለሚያይ ሰው ገጹ ንጹህ አማርኛ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ግን የሚያገኘው ከሥር ያለውን የላቲን ምልክት ስለሆነ ለዓይነ ስውሩ ሠራተኛ ትርጉም የለሽ የሆሄያት ውርጅብኝ ያሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ የተጀመረው ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ ፕሮግራምና አማርኛን ማንበብ የሚችለው ኢስፒክ የተባለው የድምፅ ሥርዓት ብዙውን ዋጋ ከመንገድ ስላነሡት፣ ዛሬ አንድ መሥሪያ ቤት ለእንዲህ ዓይነቱ ማመቻቸት ገንዘብ የለኝም ቢል ክርክሩ ደካማ ነው።

በካፋ ዞን የምትገኘው ቦንጋ በ2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ የክልል ቢሮዎች ስለተከፈቱባት፣ ይህ የማመቻቸት ጉዳይ በከተማዋ የዕለት ሥራ ሆኗል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ሆነው እንዲሠሩ አዟል፤ በግንባታ ላይ የሚሠራ አንድ መወጣጫ በኋላ አፍርሶ ከመሥራት እጅግ ይረክሳል። የቋንቋው ጉዳይ ግን ይከብዳል፤ የአካባቢው ቋንቋ ካፊኖኖ የሚጻፈው በላቲን ፊደል በመሆኑ የአማርኛው ድምፅ አያነበውም፤ ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋዎች ከሚመጡ ጽሑፎች ጋር የሚሠራ ዓይነ ስውር ባለሙያ ግማሹን ሥራ አሁንም በሰው ረዳት ይሠራል፤ አዋጁ ረዳት መመደብን የቀጣሪ ግዴታ ማድረጉም እዚህ ላይ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ማንኪራ ስንደርስ ደግሞ ሕጉ የቆመበት መሠረት ራሱ ይላላል። በደኑ ውስጥ እሸት ቡና የሚለቅመው ገበሬ ቀጣሪ የለውም፤ ቀጣሪ ከሌለ የማመቻቸት ግዴታ ያለበት ወገን የለም። ቁልቁለቱና ጭቃው ዊልቸርን አያስኬድም፤ ክራንችም ይሰምጣል። ነገር ግን ቡናው ከደን ወጥቶ ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ ሥራው ይለወጣል፤ አልጋው በተቀመጠ ሰው ቁመት ልክ ከተሠራ፣ መቆም የማይችል ሰው ቁጭ ብሎ ቀዩን ከአረንጓዴው፣ ደህናውን ከተበላሸው ይለያል፤ ይህም ጥቂት እንጨት አሳጥሮ ከመቁረጥ ያለፈ ወጪ የለውም። ቡናውን ተረክበው የሚመዝኑት የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ማኅበራቱን ያቀፈው፣ ጽሕፈት ቤቱ ቦንጋ የሆነው የካፋ ደን ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ግን ሠራተኛ የሚቀጥሩ ድርጅቶች ስለሆኑ፣ ከሚዛኑና ከመዝገቡ ጀምሮ አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሙሉ ኃይሉ ይጸናባቸዋል። ከዚያ ወዲያ በደኑ ውስጥ ለሚቀረው ሰው የሚቀርበው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5 ሲሆን፣ እርሱም መንግሥትን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ የሚያስገድደው አቅሙ በፈቀደ መጠን ብቻ ነው።