ቤቱን ማን አቀደው?

ስለ ስደተኞች አሠፋፈር በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ «አሳታፊ ንድፍ» የሚል ሐረግ ይደጋገማል። ስደተኛው የሚኖርበትን ቤትና ሠፈር አብሮ ካቀደ መጠለያው ቤት ይሆንለታል ነው ነገሩ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን «ተሳትፎ» የሚለው ቃል በአገራችን የራሱ ታሪክ አለው፤ ውድ አንባብያን፣ ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ ወደ አምቦና ወደ ሸዋ ገጠሮች እንመለስ።

ደርግ የመንደር ምሥረታን ዘመቻ ከሐረርጌ ጀምሮ ወደ ሸዋና ወደ ሌሎች ክፍላተ ሀገር አስፋፋው። እስከ 1981 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ 13 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በአዳዲስ መንደሮች ሠፍሮ ነበር። አምቦን ማዕከሉ ያደረገው የጅባትና ሜጫ አውራጃም ያኔ በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። ምክንያቱ በወረቀት ላይ አያስከፋም፤ ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ ሲሰባሰብ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ንጹሕ ውኃ በቀላሉ ይደርሰዋል ተባለ።

ገበሬውም «ተሳተፈ»። ነባር ቤቱን በገዛ እጁ አፈረሰ፤ ምሰሶውንና ወጋግራውን ተሸክሞ በተለካለት ቦታ መልሶ ተከለ። ያልተጠየቀው ሐሳቡን ነው። ደጁ ወዴት ይዙር? በረቱ የት ይሁን? ማሳው ከዐይን ሲርቅ ከዝንጀሮ ማን ይጠብቀው? ይህን ሁሉ የወሰነው ገመድና ካስማ የያዘው ኮሚቴ ነበር። በደቦ ቤት ሲሠራ ጉልበቱ የጎረቤት፣ ውሳኔው የባለቤቱ ነው፤ ዘመቻው ይህን ሥርዐት ገለበጠው።

ፍርዱ አልዘገየም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲያውጅ፣ በብዙ ቦታ ገበሬው ያንኑ ምሰሶ ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ።

ከአምቦ በጉደርና በባኮ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ አሶሳ ይደርሳል። በዚያ አካባቢ በ1989 ዓ.ም. ሸርቆሌ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ባምባሲ ከሱዳን ጦርነት የሸሹትን ለመቀበል የተከፈቱ ጣቢያዎች ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛው የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት ሰጥቷል፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የቤቱን አቅጣጫ፣ የማጀቱን ስፋትና የጎረቤቱን ቅርበት ግን አዋጅ አይወስንለትም፤ ይህ በየጣቢያው ለሚሠራው ሰው አስተዋይነት የተተወ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ልዩነት አለ። የሸዋው ገበሬ ያልተስማማውን መንደር ትቶ የሚመለስበት ቀዬ ነበረው፤ ተቃውሞውንም ምሰሶውን በመንቀል ገለጸ። የባምባሲው ስደተኛ ምሰሶውን ነቅሎ ወዴት ይሄዳል? ስለዚህ ዝምታውን እንደ ስምምነት መቁጠር አይገባም። ጭቃ ሲያቦካና ሽመል ሲያቀብል ያየ ጎብኚም «ተሳትፏል» ብሎ ከመመስከሩ በፊት፣ ደጁ ወዴት እንዲዞር ማን እንደ ወሰነ ይጠይቅ።