ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ እንዴት ጠፋ

መድኃኒት መገኘቱ አንድ ነገር ነው፤ ለሚያስፈልገው ሰው መድረሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚህም የፈንጣጣ ታሪክ በቂ ምስክር ይሆናል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር የላም ፈንጣጣን በመከተብ ሰውን ከፈንጣጣ ማዳን እንደሚቻል ያሳዩት በ1788 ዓ.ም. ነበር። በአገራችን ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን የተሠራበት የጥንቱ ልማድ ነው፤ ይኸውም ከሕመምተኛ ቁስል የተወሰደውን መግል የጤነኛውን ክንድ በጥቶ ማስገባት ነበር። ይህ ዘዴ ብዙዎችን ቢያድንም፥ አንዳንዱን ይገድል፥ በሽታውንም ያዛምት ነበር። አዲሱ ክትባት ወደ ገጠሩ ሳይዘልቅ የቆየው ፈላጊ አጥቶ አይደለም፤ በሙቀት ይበላሽ ስለ ነበረ፥ መንገድ፥ ገንዘብና ሠራተኛም ስላነሰ ነው እንጂ።

በ1950 ዓ.ም. የሶቪየት ኅብረት ልዑክ ቪክቶር ዥዳኖቭ ፈንጣጣ ከመላው ዓለም እንዲጠፋ ለዓለም የጤና ጉባኤ ሐሳብ አቀረቡ። ሥራው የተጠናከረው ግን በ1959 ዓ.ም. ነው። ሶቪየት ኅብረትና አሜሪካ በፖለቲካ ሲፎካከሩ ሳሉ በዚህ ተባበሩ፤ አንደኛይቱ ከ1 ቢሊዮን ለሚበልጥ ሰው የሚበቃ ክትባት ስትለግስ፥ ሁለተኛይቱ ገንዘብና ባለሙያ ሰጠች። ደርቆ የተዘጋጀው ክትባት ሙቀትን ቻለ፤ ባለ ሁለት ጫፉ መርፌም የአንዱን ሰው ድርሻ ለአራት አዳረሰ።

ኢትዮጵያ ዘመቻውን በ1963 ዓ.ም. ስትጀምር፥ በመጀመሪያው ዓመት ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ሠራተኛው ጥቂት ስለ ነበረ፥ ሕመምተኛውን ፈልጎ በዙሪያው ያሉትን መከተብ ዋና ዘዴ ሆነ። የአሜሪካ፥ የጃፓንና የኦስትሪያ በጎ ፈቃደኞች ከኢትዮጵያውያን ከታቢዎች ጋር በእግርና በበቅሎ ተጓዙ፤ በኋላም ሄሊኮፕተር ረዳቸው። ይሁን እንጂ ቋንቋውን አውቆ፥ ሽማግሌውን አስፈቅዶ ወደ ቤት የሚገባው የአገሩ ልጅ ነበር። መርፌው ከውጭ መጣ፤ የሕዝቡ እምነት ግን ከውጭ ሊመጣ አይችልም ነበር።

በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን በረሓ፥ ዲሞ በተባለች መንደር፥ የኢትዮጵያ የመጨረሻዋ ሕመምተኛ ተገኘች። በሽታው በጎረቤት ሶማሊያ እስከ ጥቅምት 1970 ዓ.ም. ስለ ቆየ ግን፥ አንዱ አገር ብቻውን ዳነ ሊባል እንደማይችል ታወቀ። የዓለም የጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን ያወጀው ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው።

ከጄነር ሙከራ እስከዚያ ቀን 184 ዓመት አለፈ፤ መንግሥታት በአንድነት አጥብቀው የሠሩት ግን የመጨረሻዎቹን 13 ዓመታት ብቻ ነው። በመካከሉ ብዙ ሕዝብ ያለቀው መድኃኒት ጠፍቶ ሳይሆን አድራሽ ጠፍቶ ነው። ስለዚህ ዛሬም ለድኻ አገር ሕፃናት ክትባት ለማዳረስ የሚተባበሩ ሁሉ፥ ስንት ተሠራ ብለው ሳይሆን ለስንቱ ደረሰ ብለው ሊጠይቁ ይገባቸዋል።